ሪፖርቱ ላይ የማይታዩት ኮምፒውተሮች

የምሠራው ዋና መሥሪያ ቤቱ አዲስ አበባ፣ ቅርንጫፎቹ ግን እስከ ወረዳ ከተማ ድረስ የተበተኑ አንድ የፋይናንስ ተቋም ውስጥ ነው። ሥራዬ ፓች፣ ማለትም የሶፍትዌር ክፍተት መጠገኛ፣ ነው። ኮምፒውተሮቹና ሰርቨሮቹ የደኅንነት አፕዴታቸውን በጊዜው ማግኘታቸውን እከታተላለሁ። ይህን የምጽፈው ሥራው በቅርቡ ለተሰጣቸው የአይቲ ልጆች ነው። ቦታው ባንክም ይሁን ሆስፒታል፣ ዩኒቨርሲቲም ይሁን ሚኒስቴር፣ የሚያጋጥማችሁ ብዙም አይለያይም።

ፓች ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው መጫኑ ነው። መጫኑ ቀላል ነው። ደብሊውሰስ ላይ፣ ማለትም የማይክሮሶፍቱ የአፕዴት ማከፋፈያ ሰርቨር ላይ ገብታችሁ ትፈቅዳላችሁ። ማሽኖቹ ራሳቸው እየጎተቱ ይወስዳሉ። እኔን ለዓመታት ሲያሳስበኝ የኖረው ደብሊውሰስ ጭራሽ የማያውቃቸው ማሽኖች ጉዳይ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሪፖርት ታወጣላችሁ። «96 በመቶ ተጠግኗል» ይላል እንበል። አለቃ ደስ ይለዋል፣ ስብሰባው ቶሎ ያልቃል። ግን 96 በመቶው የምን ነው? ሪፖርቱ የሚቆጥረው ድምፃቸውን ያሰሙትን ማሽኖች ብቻ ነው። ጨርሶ ያልተናገረ ማሽን ከተጠገኑትም ካልተጠገኑትም አይቆጠርም። የቤት ለቤት የፖሊዮ ክትባት ዘመቻ ላይ የሠራ ሰው ይህ ወዲያው ይገባዋል። ስንት ልጅ ተከተበ ተብሎ ብቻ አይታለፍም። በሩ ተዘግቶ የታለፈው ቤት ይመዘገባል፣ ተመልሶም ይኬድበታል።

ኢኩዊፋክስ የተባለው የአሜሪካ የብድር መረጃ ድርጅት የደረሰበት ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. ማርች 7 ቀን 2017 አፓቼ ስትራትስ ለተባለው የዌብ ሶፍትዌር ፓች ወጣ። ከ2 ቀን በኋላ «በ48 ሰዓት ውስጥ ይጠገን» የሚል መልእክት በድርጅቱ ውስጥ ተላከ። መልእክቱ የተላከበት የስም ዝርዝር ግን ያረጀ ነበር። ፓቹን መጫን የነበረባቸው ሰዎች ጋ አልደረሰም። በዚያው ወር ስካን ተደረገ። ስካኑም ክፍተት ያለበትን ሲስተም ሳያገኘው ቀረ። በሜይ ወር አጥቂዎች በዚያው ቀዳዳ ገቡ። የታወቀው ጁላይ መጨረሻ ላይ ነው፤ የ147 ሚሊዮን ገደማ ሰዎች መረጃ ወጥቶ ነበር። ትእዛዙ ተሰጥቷል፣ ስካኑም ተደርጓል። የጎደለው ሲስተሙ የት እንዳለና የማን እንደሆነ የሚናገር የታመነ ዝርዝር ነበር።

ስለዚህ መጀመሪያ ቆጠራ። አንድ ዝርዝር ብቻ አትመኑ። እኔ ከደብሊውሰሱ ሪፖርት ጎን አራት ዝርዝሮችን አስቀምጣለሁ፦ የአክቲቭ ዳይሬክተሪውን (የድርጅቱ ተጠቃሚዎችና ኮምፒውተሮች የሚመዘገቡበትን)፣ የአንቲቫይረሱን ኮንሶል፣ ዲኤችሲፒ ሰርቨሩ አይፒ (የኔትወርክ አድራሻ) የሰጣቸውን፣ የንብረት ክፍልን መዝገብ። ለዚህ ኤክሴል ይበቃል። ቁም ነገሩ ያለው ልዩነቱ ላይ ነው። አንቲቫይረሱ ላይ ኖሮ ደብሊውሰስ ላይ የሌለ ማሽን ብዙ ጊዜ ግሩፕ ፖሊሲው፣ ማለትም ከዋናው ሰርቨር ለማሽኖች ሁሉ የሚላከው መመሪያ፣ አልደረሰውም። ዲኤችሲፒ ላይ ብቻ የሚታይ ማሽን ማንም የማያውቀው ነው፤ እሱን በስዊች ፖርቱ ተከትላችሁ ሂዱና በዓይናችሁ እዩት። መዝገብ ላይ ኖሮ ኔትወርክ ላይ የሌለው ደግሞ ስቶር ተቀምጦ ይሆናል። ስቶር ያለውን ቀላል አድርጋችሁ አትዩት። አንዱ ኮምፒውተር ሲበላሽ ተነሥቶ ይሰካል። ሲሰካም የሚመጣው ከዓመት በፊት በነበረው ፓች ነው። ከንብረት ክፍል ሰዎች ጋር ወዳጅ ሁኑ። ከስቶር ዕቃ ሲወጣ ስልክ የሚደውልላችሁ አንድ ሰው ከብዙ ሶፍትዌር ይበልጣል።

ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ነገር ልጨምር። ኮምፒውተር በብዛት ሲገዛ አንዱ ይዘጋጅና ሌላው ከእሱ በኢሜጅ ይገለበጣል። ሲስፕሬፕ በሚባለው የዊንዶውስ መሣሪያ ለመገልበጥ ሳይዘጋጅ ከተገለበጠ ሁሉም ተመሳሳይ ሰስ ክላየንት አይዲ ይዘው ሊነሡ ይችላሉ። ደብሊውሰስ ማሽኖችን የሚለየው በዚህ መለያ ነው። ስለዚህ 20 ማሽን እንደ 1 ማሽን ይቆጠራል። ኮንሶሉ ላይ የአንድ ኮምፒውተር ስም ዛሬ የአንዱ ነገ የሌላው እየሆነ ካያችሁ፣ ጉዳዩ ይህ ነው። መፍትሔው ሬጂስትሪ (የዊንዶውስ የቅንብር መዝገብ) ውስጥ ገብቶ መለያውን፣ አብሮት ካለው የማረጋገጫ ቁጥር ጋር ማጥፋት፣ ከዚያም የአፕዴት ሰርቪሱን አቁሞ ማስነሣት ነው። ማሽኑ የራሱን አዲስ መለያ ይወስዳል። በስክሪፕት ለሁሉም ማድረግ ይቻላል። ግን ስክሪፕቱ በእያንዳንዱ ማሽን ላይ አንድ ጊዜ ብቻ እንዲሠራ አድርጉት። አለበለዚያ ማሽኑ በተነሣ ቁጥር መለያ እየቀየረ ዝርዝሩን የባሰ ያበላሸዋል።

ክራክም አለ። በችኮላ ከሱቅ የተገዛ ወይም ከፕሮጀክት የተረፈ ኮምፒውተር ላይ ክራክ ዊንዶውስ ማግኘት ብርቅ አይደለም። ክራክ የሚጭነው ሰው አብዛኛውን ጊዜ አንቲቫይረሱን ያጠፋል፣ አፕዴቱንም ይዘጋል። እንዲህ ያለውን ማሽን ለመጠገን ጊዜ አታጥፉ። ከኔትወርክ አውጡትና በሕጋዊ ላይሰንስ እንደ አዲስ ጫኑት። የሚጠቀምበትን ሠራተኛ ግን አትቆጡት። ከተቆጣችሁት ቀጣዩን ይደብቃችኋል። ያኔ ደግሞ የማታውቁት ማሽን አንድ ጨመረ ማለት ነው።

አሁን ወደ ጊዜው ልምጣ። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ መደበኛ ፓቹን የሚለቀው በየወሩ ሁለተኛው ማክሰኞ ነው። በእኛ ሰዓት ከምሽቱ 2 ወይም 3 ሰዓት ላይ ይደርሳል። ስለዚህ የእኛ ሥራ የሚጀምረው ረቡዕ ጠዋት ነው። ፓቹ ሲወጣ የቀዳዳው ወሬም አብሮ ይወጣል። አጥቂዎች አሮጌውንና አዲሱን ፋይል አወዳድረው ምን እንደተስተካከለ ያያሉ። ከዚያች ምሽት ጀምሮ እሽቅድምድሙ ከእነሱ ጋር ነው።

ዋናክራይ የተባለውን ቫይረስ አስታውሱ። ፓቹ የወጣው እ.ኤ.አ. ማርች 14 ቀን 2017 ነበር። ቫይረሱ ዓለምን ያዳረሰው ሜይ 12 ቀን ነው። በመሀል 2 ወር ገደማ አለ። በእንግሊዝ የመንግሥት ጤና አገልግሎት ውስጥ ከሲሶ በላይ የሚሆኑት የሆስፒታል ተቋማት ተነክተዋል፤ ቀጠሮና ቀዶ ጥገና ተሰርዟል። በቫይረሱ የተያዙት ማሽኖቻቸው ወይ ያልተጠገኑ ወይ ድጋፋቸው ያበቃ ዊንዶውሶች ነበሩ። ይህን ለአለቆቻችሁ ስትነግሩ ቴክኒኩን አታብዙ። ሁለቱን ቀኖች ብቻ ጎን ለጎን ጻፉላቸው።

የቅርንጫፍ ነገር ግን ለብቻው ይታያል። ውጭ አገር የተጻፈ መመሪያ መስመሩ ሰፊ፣ መብራቱም ሁልጊዜ ያለ አድርጎ ነው የሚጀምረው። የእኛ ቅርንጫፍ እንዲያ አይደለም።

የአንድ ወር አፕዴት ብቻ ብዙ መቶ ሜጋባይት ነው። በቀጭን መስመር ላይ ያሉ ኮምፒውተሮች ሁሉ በአንድ ጊዜ ካወረዱ የቴለሮቹ ስክሪን ይቆማል። ሰልፍ ላይ ያለው ደንበኛ «ሲስተም የለም» ይባላል። ይህ አንዴ ከሆነ የቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅ ከዚያ ወዲያ አፕዴት የሚል ቃል መስማት አይፈልጉም። እውነታቸውን ነው። ዊንዶውስ 10 እና 11 ላይ ዴሊቨሪ ኦፕቲማይዜሽን የሚባል ነገር አለ። አንዱ ማሽን ያወረደውን ሌሎቹ ከእሱ እንዲወስዱ ያደርጋል። በሥራ ሰዓት የፍጥነት ገደብም ይቀበላል። ግን አንድ ወጥመድ አለው። ሌላ ካልታዘዘ ማሽኖቹን አብዛኛውን ጊዜ የሚያቧድናቸው ወደ ኢንተርኔት በሚወጡበት አይፒ ነው። ቅርንጫፎቻችሁ በሙሉ በዋናው መሥሪያ ቤት በኩል የሚወጡ ከሆነ ሁሉንም እንደ አንድ ቢሮ ያያቸዋል። ያኔ የጎንደሩ ማሽን ከጅማው መውሰድ ይጀምራል፣ መስመሩም ይባስ ይጨናነቃል። ስለዚህ ቡድኑን በአክቲቭ ዳይሬክተሪ ሳይት ወይም በሰብኔት (በየቅርንጫፉ የአይፒ ክልል) ከፋፍሉት። ቅርንጫፎቹ ከኢንተርኔት ሙሉ በሙሉ የተዘጉ ከሆነ ደግሞ ተመሳሳይ ሥራ የሚሠራውን ብራንች ካሽ የሚባለውን ከደብሊውሰስ ጋር አገናኙት። ደብሊውሰሱ ላይም የማትጠቀሙበትን ቋንቋና ምርት አውጡ፣ ድራይቨር አታስገቡ፣ በአዲስ የተተኩ አሮጌ ፓቾችን በየጊዜው ሰርዙ።

ሁለተኛው መብራት ነው። ቅርንጫፍ ሲዘጋ ጥበቃው ዋናውን ማብሪያ አጥፍቶ ይቆልፋል። እሳት እንዳይነሣ ነው፤ ጥሩ ልማድ ነው። ግን «ሌሊት ይጫናል» ብላችሁ ያቀዳችሁት ሁሉ በዚያች ማብሪያ ይቆማል። ከሩቅ ላስነሣው ብትሉም መብራት የሌለው ኮምፒውተር አይነሣም። ከዚህ የባሰው ደግሞ አለ። ሠራተኛው «አፕዴት አድርገህ ጥፋ» ብሎ ማሽኑን ያዝዘውና ይወጣል፣ ማሽኑ ገና መሀል ላይ እያለ ጥበቃው መብራቱን ይቆርጣል። ጠዋት ያ ኮምፒውተር አልነሣም ሊል ይችላል።

እኔ ጋ የሠራው ስልክ ነው። የቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጆቹን አንድ በአንድ አነጋገርኩ። አንዷ «ወንድሜ፣ ደንበኛ ተሰልፎ ሪስታርት አድርጉ የሚል መልእክት ስክሪን ላይ ይመጣል። ምን ላድርግ ነው የምትለኝ?» አሉኝ። ትክክለኛ ጥያቄ ነበር። እኔም «የእርስዎ ቅርንጫፍ መቼ ይመችዋል?» ብዬ ጠየቅኩ። አንዳንዱ ቅርንጫፍ ገበያ ቀኑ ሐሙስ ነው፣ ሌላው ቅዳሜ። ያንን እኛ ከአዲስ አበባ ሆነን አናውቅም። በስምምነታችን መሠረት ማውረዱና መጫኑ ቀን በቀስታ ይሄዳል። በወር አንድ የታወቀ ማታ ላይ ደግሞ አንድ ሠራተኛ ስክሪኑ ሁሉ እስኪጨልም ይቆያል። ማብሪያው ከዚያ በኋላ ነው የሚጠፋው። የጥበቃ ሠራተኞቹም ቀኑን እንዲያውቁት ተደረገ። ለቆየው ሠራተኛ የትርፍ ሰዓት እንዲከፈል በመመሪያ አስገቡ። ያለዚያ ነገሩ ሁለት ወር ቆይቶ ይሞታል።

ፋስት ስታርትአፕ የሚባለውንም በግሩፕ ፖሊሲ አጥፉት። እሱ በርቶ እያለ ኮምፒውተሩን ማጥፋትና ማብራት እንደ ሪስታርት አይቆጠርም። ሰውየው «በየቀኑ አጠፋዋለሁ» ይላችኋል፣ እውነቱን ነው፤ ማሽኑ ግን ሳምንታት ሙሉ ሪስታርት ይጠብቃል። ሪስታርት ያላደረገን ማሽን እንደተጠገነ አትቁጠሩት። ሊነክስም ላይ ያው ነው። አዲሱ ከርነል (የሲስተሙ እምብርት) ተጭኖ አሮጌው እየሠራ ሊሆን ስለሚችል የተጫነውንና አሁን እየሠራ ያለውን አወዳድሩ።

ፓች ራሱ ያበላሻል ወይ? አዎ። እ.ኤ.አ. በ2021 ፕሪንትናይትሜር ለተባለው ክፍተት የወጡት ተከታታይ ፓቾች በብዙ ድርጅቶች የኔትወርክ ፕሪንተር አስቁመዋል። በጃንዋሪ 2022 የወጣው ደግሞ አንዳንድ የዶሜይን ሰርቨሮችን (የሠራተኞችን መግቢያ የሚያረጋግጡትን) ደጋግሞ ሪስታርት ሲያስደርጋቸው ነበር። በጁላይ 2024 ክራውድስትራይክ የተባለው የደኅንነት ሶፍትዌር ድርጅት ያወጣው አንድ የተበላሸ አፕዴት 8.5 ሚሊዮን ገደማ የዊንዶውስ ማሽኖችን አስቁሟል፤ አየር መንገዶችና ሆስፒታሎችም ተጎድተዋል። ይህን ሰምቶ «እንግዲያውስ ይቅርብን» የሚል አለቃ ይኖራል። መልሱ በደረጃ መልቀቅ ነው። መጀመሪያ አይቲ ክፍል ራሱ ይወስዳል። ቀጥሎ ከየሥራ ክፍሉ አንዳንድ ማሽን። ከዚያ ሁለት ሦስት ቅርንጫፍ፣ ከዚያ ሁሉም። የሙከራ ማሽኖቹን ስትመርጡ አዲሶቹን ብቻ አትምረጡ። የፓስቡክ ፕሪንተር፣ የጣት አሻራ ማንበቢያ፣ የድሮ ስካነር የተሰካባቸውን አካትቱ። የሚበላሸው እዚያ ነው። የዶሜይን ሰርቨሮችን ደግሞ ሁሉንም በአንድ ምሽት አትንኩ።

ሁሉንም በእኩል ፍጥነት መጠገን አይቻልም፤ አያስፈልግምም። ብዙዎች የሚያዩት ከ10 የሚሰጠውን የአደጋ ነጥብ ነው። እኔ መጀመሪያ የማየው ሌላ ነው። ሲሳ የተባለው የአሜሪካ የሳይበር ደኅንነት ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ አንድ ዝርዝር በነፃ ያወጣል፤ በተግባር ጥቃት እየተፈጸመባቸው መሆኑ የተረጋገጠ ክፍተቶችን ይመዘግባል። እዚያ የገባና ማሽኑ ወደ ኢንተርኔት የሚታይ ከሆነ ሌላውን ሥራ አቁሜ እሱን አስቀድማለሁ። ነጥቡ 9.8 ሆኖ ማንም የማይደርስበት የውስጥ ሰርቨር ላይ ያለ ክፍተት ግን መደበኛውን ወር መጠበቅ ይችላል።

ወደ ኢንተርኔት የሚታዩት እነማን ናቸው? ፋየርዎሉ (የኔትወርኩ በር ጠባቂ)፣ ቪፒኤኑ (ሠራተኛ ከውጭ የሚገባበት መስመር)፣ የኢሜይል ሰርቨሩ። ፋየርዎል ደብሊውሰስ ላይ አይታይም። ብዙ ቦታ ኔትወርክ ክፍል «ፓች የሲስተም ክፍል ነው» ይላል፣ ሲስተም ክፍል «ፋየርዎል የኔትወርክ ነው» ይላል። በመሀል መሣሪያው ለዓመታት ሳይነካ ይቀመጣል። አጥቂ ከውጭ ሆኖ መጀመሪያ የሚያገኘው ደግሞ እሱን ነው። የእያንዳንዱን መሣሪያ ባለቤት በስም ጻፉ።

አፕሊኬሽን ውስጥ የተቀበረውም እንዲሁ አይታይም። በዲሴምበር 2021 ሎግ4ጄ በተባለው፣ በብዙ ሶፍትዌሮች ውስጥ ባለ ክፍል ላይ የተገኘው ክፍተት ሲወጣ ጥያቄው «ፓቹ የት አለ?» አልነበረም፤ «ይህ ነገር የቱ ሲስተማችን ውስጥ ነው ያለው?» ነበር። አዲስ ሲስተም ስትገዙ በውስጡ ያሉትን ክፍሎች ዝርዝር ከአቅራቢው ጠይቁ። ውሉ ላይ ይግባ። ከተፈረመ በኋላ መጠየቅ ልመና ይሆናል።

ደብሊውሰሱን ራሱንም አትርሱት። በኦክቶበር 2025 እሱ ላይ ከባድ ክፍተት ተገኝቶ ማይክሮሶፍት ወሩን ሳይጠብቅ አስቸኳይ ፓች አውጥቷል። ለሁሉም ማሽን ፓች የሚያከፋፍል ሰርቨር በአጥቂ እጅ ቢገባ ምን እንደሚሆን አስቡት። ፖርቶቹ 8530 እና 8531 ከኢንተርኔት በኩል ፈጽሞ ክፍት መሆን የለባቸውም።

የኮር ባንኪንግ (የደንበኞች ሒሳብ የሚሠራባቸው) ሰርቨሮች ላይ የሚነሣው ክርክር ሁልጊዜ አንድ ነው። አቅራቢው «እኛ ሳናረጋግጥ ከነካችሁት ድጋፍ አንሰጥም» ይላል። መጠበቁ ግድ ከሆነ በባዶ አትጠብቁ። ኤስኤምቢ 1 የተባለውን አሮጌ የፋይል መጋሪያ ዘዴ ዝጉ። ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ ለሚሄድ የፖርት 445 (የፋይል መጋሪያው በር) ትራፊክ ምክንያት የለውም፤ ዝጉት። ባክአፑን መልሳችሁ ጭናችሁ ሞክሩት። በጁን 2017 ኖትፔትያ የተባለው ቫይረስ የመርከብ ኩባንያውን ሜርስክን ሲመታ የተጠገኑ ማሽኖችንም በተሰረቀ የይለፍ ቃል በኩል አዳርሷል። የዶሜይን ሰርቨሮቹ ሁሉ ጠፍተው አንዱ የተረፈው ጋና ውስጥ መብራት ሄዶ ስለነበር ብቻ ነው። ኩባንያው ከዚያ በኋላ 4,000 ሰርቨርና 45,000 ኮምፒውተር እንደ አዲስ ጭኗል። ሕይወታችሁ በመብራት መጥፋት ላይ እንዳይንጠለጠል ከኔትወርኩ የተነጠለ ባክአፕ ይኑራችሁ።

ዊንዶውስ 10 ነፃ ድጋፉ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ለድርጅቶች የተራዘመው ድጋፍ ለአንድ ማሽን በመጀመሪያው ዓመት 61 ዶላር ነው፤ በየዓመቱም እጥፍ ይሆናል። በውጭ ምንዛሪ የሚከፈል ስለሆነ ሒሳቡን ዛሬውኑ ለፋይናንስ ክፍል አቅርቡ። ያልተከፈለላቸውና ያልተቀየሩት ማሽኖች ስንት እንደሆኑ አብራችሁ ጻፉ።

ለማኔጅመንት ስታቀርቡ አንድ በመቶኛ ብቻ አትስጡ። ሦስት ቁጥር ስጡ፦ የተጠገነ፣ ያልተጠገነ፣ ያላወቅነው። ሦስተኛውን ስታወጡት መጀመሪያ አካባቢ ቁጥሩ ያስደነግጣል። አንዳንድ አለቃ «ለምን ጨመረ?» ብሎ ይቆጣል። ማየት ስለጀመራችሁ እንደሆነ በእርጋታ አስረዱ። ከቅርንጫፍ ስምና ማሽኑ ለመጨረሻ ጊዜ ከታየበት ቀን ጋር ዘርዝሩት። ዲስትሪክት ማናጀሩ የራሱን ቅርንጫፎች ስም ካየ በኋላ ስልክ የሚደውለው እሱ ይሆናል።

ፓች የማይነካባቸው ቀኖችም ይኖራሉ፤ የሰኔ 30 የሒሳብ መዝጊያ፣ የደመወዝ ሰሞን፣ የፋሲካና የእንቁጣጣሽ ዋዜማ። ይህን ተቀበሉ፣ ግን በዚያ መሀል አስቸኳይ ነገር ቢመጣ ማን እንደሚፈቅድ አስቀድማችሁ በጽሑፍ አስወስኑ። ሌሊት ላይ ፈራሚ ፍለጋ ስልክ መደወል አይሆንም። «የእኛ ሰርቨር ይለፍ» የሚል ክፍልም አይጠፋም። ይለፍ፣ ግን በፎርም ይሁን። ፎርሙ ላይ የኃላፊው ስም፣ ምክንያቱ፣ በመሀል የተወሰደው መከላከያና ፈቃዱ የሚያበቃበት ቀን ይጻፍ። ከ3 ወር በላይ አትስጡ። ቀኑ ሲደርስ ራሳቸው ኃላፊው መጥተው እንደገና ይፈርሙ።